ለስንት ሰው?

«ለስንት ሰው?» የሚለውን የአማቷን ድምፅ ፉሚ በደንብ ታስታውሰዋለች። መልሱን ግን እርግጠኛ ሆና አታውቅም። ያኔ በጃፓን፣ ቤፑ ከተማ ላለው የኪሪያ ማረፊያ ቤት አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ ተንበርክካ ወለል ትወለውላለች። ውጭ ይዘንባል። አማቷ እማማ ቶኪኤ በመግቢያው ከፍታ ላይ እንደ ወጉ ተንበርክከው እንግዳ ይቀበላሉ። ከበሩ በኩል የመለሰችው የሴት ድምፅ ናት። «ብቻዬን ነኝ» ያለች ይመስላታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ በተለይ ሲዘንብ፣ «ብቻዬን ቀረሁ» ያለች ይመስላታል። በመሐል ሌላም ነገር ተባብለዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ዋጠው። መጨረሻ ላይ የአማቷ ድምፅ ለስልሶ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልን፤ ዛሬ ሞልቶብናል» አለ። የክፍሎቹ ቁልፎች ግን ከፉሚ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየምስማራቸው ተንጠልጥለው ነበር።

ደንቡ ይህ ነው። በኪሪያ ቤት ለብቻው የመጣ ሰው አያድርም። በመግቢያው ግድግዳ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ተሰቅሏል፤ «እንግዶቻችንን ከሁለት ሰው ጀምሮ በደስታ እንቀበላለን» ይላል። ክልከላ አይመስልም፤ ግብዣ ይመስላል። የቤፑ ሰው ግን ያነባል፣ ይገባዋል። በሰፈሩ የሚወራውም ይታወቃል፤ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው የጥድ ክፍል፣ ድሮ፣ ብቻውን ያደረ ሰው በገዛ እጁ ሞቷል ይባላል። ሻይ ሻጯም፣ የታክሲ ሹፌሮቹም፣ የጎረቤት ማረፊያ ባለቤቶችም ይህንኑ ይላሉ። ማን እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ የጠየቀ የለም። ፉሚም አልጠየቀችም። ከአማቷ ጋር በአንድ ወጥ ቤት ሩዝ እያጠቡ፣ በአንድ ጓዳ ፎጣ እያጠፉ ፀጉሯ ሸበተ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ያ ክፍል በተነሳ ቁጥር ሁለቱም እጃቸው ላይ ያለውን ሥራ ማየት ይጀምራሉ።

የኅዳር ማክሰኞ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቱቦዎች የሚወጣው እንፋሎት በብርዱ ወፍሮ የአጥሩን እግር ሸፍኖታል። ያደሩት እንግዶች፣ ሁለት እህትማማቾችና አንድ ባልና ሚስት፣ ቁርሳቸውን በልተው ወጥተዋል፤ ቤቱ እንግዳ ከሄደ በኋላ ያለችውን ባዶነት ለብሷል። ስልኩ ጮኸ።

«ኩሳካቤ ነኝ፤ ከኮኩራ።»

«ድምፅዎን መች አጣሁት! ዘንድሮ ዘገዩብን እኮ» አለች ፉሚ። አቶ ኩሳካቤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሹፌር ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር በየዓመቱ ቅጠሉ ሲቀላ መጥተው አንድ ሌሊት ያድራሉ።

«ነገ ማታ ልንመጣ...» ቆም አሉ። «ልመጣ ነበር።»

አፏ ለምዶባት «እንደ ሁልጊዜው ለሁለት ሰው?» አለች።

በወዲያኛው ጫፍ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ አንድ ሰው ስለ አየር ጠባይ ያወራል። ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

«በሰኔ አረፈች። ብቻዬን ቀረሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ ቀድመው ያሰቡበት ሰው አነጋገር ነበር፣ «ደንባችሁን አውቀዋለሁ፤ ስንቱን ዓመት ጫማዬን ስፈታ ግድግዳችሁ ላይ ሳነበው ነው የኖርኩት። እንዲህ ቢሆንስ? ለሁለት ሰው ብላችሁ ያዙት፤ የሁለት ሰው እከፍላለሁ። ሁለት ትሪ ይቅረብ። የሷን ማንም አይነካውም፤ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ ብቻ። እምቢ ካላችሁም አልቀየምም፤ እስከ ማታ ንገሩኝ።»

«ማታ እደውልልዎታለሁ» አለች።

ወጥ ቤት ስትገባ አብሳዩ ጋሽ ኢዋኦ ቢላ ይስላል። እማማ ቶኪኤ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው በጨው ተቀምጦ ከማሰሮ የወጣ ነጭ ራዲሽ ይከትፋሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጀርባቸው ጎብጧል፣ እጃቸው ግን አይሳሳትም።

«ማነው የደወለው?» አለ ኢዋኦ።

«አቶ ኩሳካቤ። ነገ ማታ።»

«ሁለት?»

ፉሚ የአማቷን ጎባጣ ጀርባ አየች። «ሁለት» አለች። ውሸት ናት እንዳትባል ሰውየው ራሳቸው ያሉት ነው፤ እውነት ናት እንዳትባልም የሚመጡት ብቻቸውን ነው። ኋላ፣ ከሰዓት፣ ለአማቷ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

«ሴትዮዋ በዚያ ጉልበቷ ዘንድሮም ደረጃ ልትወጣ ነው!» አሉ እማማ ቶኪኤ፤ የፊታቸው ሽብሽብ ሁሉ ተንቀሳቀሰ። «የጥዱን ክፍል አትስጧቸው፤ የምድር ቤቱን። ያቺን ዝቅ ያለች የገለባ ትራስም አውጡላት፤ ከፍ ያለ ትራስ አንገቷን ያማታል። ኢዋኦ፣ ኦክቶፐሱን ለእሷ አድቅቀህ ቁረጠው፤ አምናም ጥርሷ አስቸግሯት ነበር።»

«አምና ለእኔ ጥርስም እንዲህ ቢታሰብ ኖሮ» አለ ኢዋኦ።

«ያንተ ጥርስ በሳኬ መጠጥ ነው ያለቀው።»

ፉሚ ወደ ግቢው ወጣች። ባሏ ሹሄ የፍል ውኃውን ቧንቧ ከፍቶ በውስጡ የጋገረውን ነጭ ድንጋይ በብረት ይፍቃል። ነገሩን ነገረችው። መፋቁን ሳያቆም ሰማት። «እናቴን ታውቂያታለሽ» አለ በመጨረሻ። በዚህ ቤት ከዚህ በላይ ምክር ከሱ ሰምታ አታውቅም።

ወደ እኩለ ቀን ግድም ሺባታ መጣች። ወጣት መምህርት ናት፤ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የእንግዳ አቀባበልና የማረፊያ ቤት አስተዳደር ታስተምራለች። የመንገዱ ማረፊያ ቤቶች ማኅበር እንግዳ ለምን እንደሚቀንስ አጥኚልን ብሏት ዓመቱን ሙሉ የእንግዶችን ጠባይ ስትከታተል ከርማለች፤ ዛሬ በየቤቱ እየዞረች ያገኘችውን ትናገራለች። በትንሹ የምግብ ክፍል ሰሌኑ ላይ በጉልበቷ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። እግሯ እየደነዘዘ መሆኑ ያስታውቃል፤ ግን አልዘረጋችውም፤ እማማ ቶኪኤም ይህን አይተውላት ያለወትሯቸው ራሳቸው ሻይ ቀዱላት።

ሺባታ ስለ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ሰው ክፍል ከመያዙ በፊት ምን እንደሚያነብ፣ ያኮረፈ እንግዳ ቅሬታውን ለባለቤቱ ሳይሆን ለማያውቀው ሕዝብ እንደሚጽፍ፣ ደንበኛ የሆነ ሰው በምን ምክንያት አንድ ዓመት ቀርቶ ከዚያ ወዲያ እንደማይመለስ። እማማ ቶኪኤ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ተማሪዎቼ እንደ እንግዳ ሆነው ወደየቤቱ ደውለው ነበር። ለሁለት ሰው ሲሉ እዚህ 'እንኳን ደህና መጡ' ተባሉ። በዚያው ቀን፣ ለዚያው ሌሊት፣ ለአንድ ሰው ሲሉ 'ሞልቷል' ተባሉ። ዛሬ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብዙ ነው፤ ባል የሞተባት፣ ያላገባ፣ ልጆቹ የራቁት። እነሱ ናቸው ከዚህ ቤት የጎደሉት።»

«ዋሽታችኋል ነው የምትይን?» አሉ እማማ ቶኪኤ።

«አልልም፤ እሜቴ። 'ሞልቷል' በዚህ ከተማ የጨዋ እምቢታ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔም አያት የማረፊያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ።»

«ታዲያ አንቺ ልጅ፣ ያ ብቻውን የሚመጣው ሰው መብራቱን ካጠፋ በኋላ ምን እንደሚያስብ ጥናትሽ ደርሶበታል?»

ሺባታ አላፈረችም፣ አልተቆጣችምም። ትንሽ አሰበችና «አልጠየቅንም፤ መጠየቅ ነበረብን» አለች። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ሌላ ከተማ ያሉ ቤቶች እንዳደረጉት፣ አንድ የታወቀ ሰው፣ የቤቱ ወዳጅ፣ አንድ ሌሊት እንደ ተራ እንግዳ ለብቻው ይደር፤ በፊት ለፊት በር ይግባ፣ ይብላ፣ ይተኛ፣ ጠዋት የተሰማውን ይናገር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ይቆይ ወይም ይነሳ፤ የቤቱ ፈንታ ነው።

«እዚህ ቤት ብቻውን የሚያድር ምን ዓይነት ወዳጅ ነው?» አሉ እማማ ቶኪኤ፤ የሻይ ዕቃውን ሰብስበው ወጡ። ለሳቸው ንግግሩ አልቋል። ፉሚ መምህርቷን እስከ በር ሸኘቻት፤ ሺባታ በደነዘዘ እግሯ ጫማዋን እየፈለገች «አስቀየምኳቸው?» አለች። «አይ» አለች ፉሚ፤ «ሲቀየሙ ሻይ አይቀዱም።»

ከሰዓት በኋላ ፉሚ ደጋግማ ልትናገር ሞከረች። አማቷ ግን ሥራ ይዘዋል። የገለባዋን ትራስ ከቁም ሣጥን አውጥተው በረንዳ ላይ ለፀሐይ ሰጧት፤ እያገላበጡ መታ መታ አደረጓት፤ ጨርቋ ጠርዟ ላይ ሳስቷል ብለው ፈትተው አዲስ ሰማያዊ ልባስ ሰፉላት። መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡት ፉሚን ጠርተው ነው። «ሴት ልጅ የላትም መሰለኝ» አሉ ክሩን ሲቀበሉ፤ «አንድ ቀን ጀርባዋን ሳሽላት አለቀሰች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እንግዳ አይጠየቅም።» ለሞተች ሴት ትራስ እየተሰፋ ነው። ከትራሷ የሚወጣው የገለባ ትቢያ በፀሐይዋ ጨረር ውስጥ ይዞራል። ጓዳ ገብታ በቤቱ ሙታን መታሰቢያ ፊት፣ በሟቹ የባሏ አባት ፎቶግራፍ ሥር ቆመች፤ ጠዋት የተቀመጠው የሩዝ ስኒ ቀዝቅዟል። እጆቿን አጋጠመች። ምን ብላ እንደምትለምን ስላላወቀች ዝም ብላ ቆየች፤ ዝምታም ጸሎት ከሆነ ጸለየች።

«ፉሚ!» አሉ አማቷ ከበረንዳው። «እዚያ ጥግ ካለው ሱቅ በእንፋሎት የተሠራውን ክሬም ካራሜል ግዢ፤ ትወደዋለች። ነገ ረቡዕ ነው፤ ሱቁ ይዘጋል። እሳቸውም ይበላሉ፤ ሁለት አድርጊው።»

ቁልቁለቱን ወረደች። በጎዳናው ጥግ ያለው የድንጋይ ጂዞ፣ መንገደኞችንና ሕፃናትን የሚጠብቀው ትንሽ ሐውልት፣ አንገቱ ላይ አዲስ ቀይ ጨርቅ ታስሮለታል፤ ሰላም ብላው አለፈች። ከሱቁ ፊት የእንጨት ሣጥኖቹ ከምድር በሚወጣው እንፋሎት ይጨሳሉ። ሴትዮዋ ክዳኑን ስታነሳ የተቃጠለ ስኳር ሽታ መንገዱን ሞላው።

«ዋጋው ጨምሯል፤ ሦስት መቶ ሠላሳ የን ሆነ። እንቁላሉ ነው፤ እኔን እንዳትረግሚኝ» አለች ባለሱቋ። «ስንት ላድርግልሽ?»

ፉሚ አፏን ከፈተች። ጠዋት በወጥ ቤት ውስጥ የወጣችው ቃል አሁን አልወጣ አለች። «አንድ» አለች።

«አንድ ብቻ? ለማን ነው?»

«ለአንድ ሰው።»

ስትመለስ እማማ ቶኪኤ ወጥ ቤት ነበሩ። ኢዋኦ ሲጋራውን ሊያጨስ ወጥቷል። መጠቅለያውን ተቀብለው ከፈቱት። ትንሿ ብርጭቆ በመሐል ብቻዋን ቆማለች። እማማ ቶኪኤ ብርጭቆዋን አዩ፤ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ከሥሩ አዩ፤ ከዚያ ምራታቸውን አዩ።

«አልቆባት ነው?»

«አይደለም፤ እማማ።»

አማቷ መጠቅለያውን መልሰው አጠፉት። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እጃቸው ላይ ከሰማያዊው ጨርቅ የተረፈ ክር ተጠምጥሞ ነበር፣ እሱን መፍታት ጀመሩ። ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ዝናብ መስሎ ነበር፣ የእንፋሎቱ ጤዛ ነው።

«መቼ?» አሉ።

«በሰኔ።»

«ሁለት ያልሽኝ አንቺ ነሽ ወይስ እሳቸው?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት። ሁለት ትሪ ይቅረብልኝ፣ የሁለት ሰው እከፍላለሁ አሉ። ደንቡን ስለሚያውቁ ነው። እኔም ተቀብዬ አልኩት።»

እማማ ቶኪኤ ክሩን ጨርሰው ፈቱት። «ያቺ ልጅም ሁለት ነን ነበር ያለችው» አሉ።

ፉሚ የትኛዋ ልጅ ናት አላለችም። ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ መኖሯን አማቷ ያውቁ እንደነበር እንኳ እስከዚያች ቀን አታውቅም።

«ለስንት ሰው? ስላት 'ሁለት ነን፤ ጓደኛዬ ኋላ ትመጣለች' አለችኝ። ጓደኛሽ ማን ትባላለች? አልኳት። ስም ቶሎ አልመጣላትም። ስም ፍለጋ ጣራውን ስታይ አየኋት። ከዚያ ነው 'ብቻዬን ነኝ' ያለችው። ሞልቶብናል አልኳት። ከሄደች በኋላ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። እስከ ጂዞው ሐውልት ደረስኩ፤ አውቶቡስ ስትገባ ጀርባዋን አየሁ። ክረምቱን ሙሉ፣ ሞታ እንደሆን ብዬ፣ ጋዜጣውን ከሹሄ ተሸሽጌ አነብ ነበር። ምንም አላገኘሁም። አለማግኘትም እኮ ዕረፍት አይሰጥም።»

«በጥዱ ክፍል ሰው ስለሞተ አይደል እርስዎ...» አለች ፉሚ።

«ማን ሞተ?»

«ሰፈሩ ሁሉ...»

«ሰፈሩ!» እማማ ቶኪኤ ፈገግ ሊሉ ነበር፣ ግን አልሆነላቸውም። «ማንም አልሞተም። ድሮ ብቻውን የሚመጣ ሰው ይመጣ ነበር፤ ያኔ የቤቱ አዲስ እመቤት ነኝ። ሁለት ሰው ሲያድር አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። አንዱ ብቻውን ሲያድር ጠባቂው እኛ ነን ብላ ነው አማቴ ያስተማረችኝ። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ፎጣ እያጠፍኩ አነጋለሁ። ሲያስል እሰማለሁ፣ ሲገላበጥ እሰማለሁ። አንድ ሌሊት በጥዱ ክፍል አንድ ፊቱ የጠቆረ ሰው አደረ። እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ነግቷል። በሩን እስክከፍት ድረስ ያየሁትን መከራ ለጠላቴም አልመኝ። ሰውየው ፊቱን ታጥቦ፣ ፍራሹን አጥፎ፣ 'እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም' ብሎ ሰገደልኝና ሄደ። እኔ ግን ያቺን እንቅልፌን ለራሴ ይቅር አላልኳትም። ደንቡን የሰቀልኩት በዚያ ሳምንት ነው።»

ፉሚ በጉልበቷ ተቀመጠች። ለዚህ ሁሉ ዓመት የጥዱን ክፍል ስትወለውል የማታውቀውን ሟች ይቅርታ እየጠየቀች ነበር።

«ነገ እኔ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ» አለች።

«ሞኝ። ሰው እንደ እስረኛ ሲጠበቅ አይታወቀውም?»

«እርስዎ ግን አባባ ካረፉ ጀምሮ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ብቻዎን ነው የሚያድሩት። ማን ኮሪደር ላይ ይቀመጥልዎታል?»

እማማ ቶኪኤ የፈቱትን ክር መልሰው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። ከምድጃው ላይ ያለው ሾርባ ይንተከተካል። ኢዋኦ በጓሮ በር ገብቶ ሁለቱንም አየና፣ የሚያበስለው እንደሌለ ሰው፣ ተመልሶ ወጣ።

«ስልኩን አምጪው» አሉ እማማ ቶኪኤ። «ለሰውየው ንገሪያቸው። ለአንድ ሰው ተይዟል በያቸው። የአንድ ሰው ነው የሚከፍሉት። ለሚስታቸው የምትቀመጠው ሳህን የቤቱ ናት፤ ዋጋ የላትም። ትራሷንም እሰጣቸዋለሁ፤ ይተኙባት ወይም ይዘዋት ይሂዱ።»

ፉሚ ደወለች። ለአንድ ሰው ስትል ድምፅዋ እንዳይሰበር ቀስ አለች። አቶ ኩሳካቤ «ለአንድ ሰው» ብለው ደገሙላት፤ እንደ አዲስ አድራሻ። ስልኩን ስታስቀምጥ አማቷ አሁንም እዚያው ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ፍርሃት አለበት። ሰውየው ብቻቸውን የሚያድሩበትን ሌሊት እንደፈሩ ገባት።

«እማማ፣ መምህርቷ ያለችውን እናድርግ። ብቻዋን ያደረች እንግዳ ሌሊቱን ምን እንደምትሰማ አንድ ሰው አውቆ ይንገረን። ዛሬ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። እርስዎ ይደሩ።»

«እኔ? በገዛ ቤቴ?»

«በጥዱ ክፍል። ኢዋኦ ትሪ ያቀርባል፤ እኔ ፍራሽ አነጥፋለሁ።»

«ኢዋኦ ሲስቅብኝ ይኖራል።»

«እስቃለሁ!» አለ ኢዋኦ ከበሩ ጀርባ። «ለስንት ዘመን 'ጨው በዛ' ሲሉኝ ኖረው፤ አንድ ቀን እንኳ ትሪው ሳይቀዘቅዝ ቀምሰውት አያውቁም።»

ይህ እውነት ነበር። የቤቱ እመቤት እንግዳ እስኪበላ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ቆማ የተረፈውን ትቀማምሳለች። በፊት ለፊት በርም አትገባም። እማማ ቶኪኤ ለዚህ ቤት ሙሽራ ሆነው የመጡ ዕለት እንኳ በወጥ ቤት በኩል ነው የገቡት። አሁን ተነሡ። ልብሳቸውን አስተካከሉ፣ የወጥ ቤቱን ሽርጥ ፈትተው አጠፉት፣ ከበሩ ሥር ጫማቸውን አደረጉ። ውጭ መምሸት ጀምሯል፤ ከመብራቶቹ ሥር እንፋሎቱ ቢጫ ሆኗል። በጓሮው በር ከወጡ በኋላ ዞረው አዩዋት።

«እሺ፤ በፊት ለፊት እመጣለሁ» አሉ። «ሄደሽ ተንበርከኪ። ለስንት ሰው ብለሽ ጠይቂኝ፤ እኔም አንድ እላለሁ። ብቻ ኮሪደሩ ላይ ማንም እንዳይቀመጥብኝ።»